አንድ አስተማሪ፣ አራት ዓይነት ዮጋ፦ የክሪሽናማቻርያ ጉዳይ

ዮጋ ክላስ ደጋግሞ የገባ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማው አይቀርም። አንዱ አስተማሪ ዝለል፣ ላብህ ይንጠፍጠፍ፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትነካ ይላል። ሌላው ቀስ በል፣ ተረከዝህን በዚህ በኩል አዙር፣ እጅህ መሬት ካልደረሰ ጣውላ ላይ አስደግፈው ይላል። ሦስተኛዋ ጭራሽ ወንበር ላይ አስቀምጣ እጅህን ከትንፋሽህ ጋር ከፍ ዝቅ ታስደርግሃለች። ሦስቱም ትክክለኛው ይሄ ነው፣ ከአስተማሪዬ የወረስኩት ነው ይሉሃል። የሚገርመው ሦስቱም አልዋሹም። የአስተማሪያቸውን አስተማሪ እየቆጠርክ ወደ ኋላ ብትሄድ ብዙ ጊዜ የምትደርሰው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ የሚባሉ የደቡብ ሕንድ ሰው።

ታዲያ አንድ ሰው እንዴት እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሦስት አራት ነገሮች ያስተምራል? እኔ መልሱ ዘመኑ ላይ ነው ባይ ነኝ። ተማሪዎቻቸው የተለያዩት ሰውዬውን ያገኙበት ዓመት ስለተለያየ ነው። ዓመቱ ሲለወጥ ደግሞ ክፍሉ፣ ከፋዩ፣ ፊታቸው የቆመው ተማሪ፣ የራሳቸው ዕድሜ፣ ሁሉም አብሮ ተለውጧል። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ክሪሽናማቻርያ የተወለዱት በ1888 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ዛሬ ካርናታካ በሚባለው የሕንድ ክልል፣ ቺትራዱርጋ አካባቢ ያለች መንደር ናት። የብራህሚን (የሂንዱ የካህናት ወገን) ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ሳንስክሪቱን (የጥንቱን የሕንድ የመጻሕፍት ቋንቋ) እና ፍልስፍናውን ማይሶርና ቫራናሲ በሚባሉ የሕንድ ከተሞች ተማሩ። ዮጋውን ደግሞ ራማሞሃና ብራህማቻሪ ከሚባሉ መምህር ዘንድ፣ ቲቤት አካባቢ ሰባት ዓመት ተኩል ተቀምጬ ተማርኩ ይላሉ። ይህ ታሪክ የቆመው በእሳቸው ቃል ላይ ነው። ለጉዳያችን ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ እኛ የምናየው ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማሩ ነው።

ሲመለሱ ዮጋ እንጀራ የሚያበላ ሙያ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ብዙው የተማረ ሕንዳዊ ዮጊ (ዮጋ የሚሠራ ሰው) ሲባል የሚታየው አመድ የተቀባ ለማኝ ነው። እሳቸውም ኑሮን ለመግፋት ሃሰን በሚባል አውራጃ የቡና እርሻ ላይ ተቀጥረው ሠሩ (ቡናችን የማይገባበት ታሪክ የለም)። ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ከተማ እየዞሩ ሕዝብ ፊት ትርኢት ያሳዩ ነበር። ከባድ ዕቃ በጥርሳቸው ያነሱ ነበር፣ የሚሄድ መኪና በእጃቸው ያቆሙ ነበር፣ የልብ ትርታቸውን ያጠፉ ነበር ይባላል። ሰርከስ ነው ብትለኝ አልከራከርህም። ግን ሰው የሚሰበሰበው በዚያ ነበር፣ ተማሪም የሚገኘው በዚያ ነበር። በ1927 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሃሰን ውስጥ ትርኢታቸውን አየና በነጋታው ቤታቸው ሄዶ አስተምሩኝ አለ። ልጁ ፓታቢ ጆይስ ነው። ስሙን ያዝልኝ።

ዕድላቸው የተቃናው የማይሶር ማሀራጃ (ንጉሥ)፣ አራተኛው ክሪሽናራጃ ዎዲያር፣ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ሲያስጠሯቸው ነው። ማሀራጃው የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ትምህርት፣ ሙዚቃና ስፖርት የሚወዱ ሰው ናቸው። በ1933 ጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት ውስጥ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈቱላቸው። የማይሶርን የዮጋ ታሪክ ያጠናው ኖርማን ስጆማን እንደጻፈው አዳራሹ ቀደም ሲል የቤተ መንግሥቱ ጂምናስቲክ መሥሪያ ነበር። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ ታስረዳለች።

ክፍሉን እንየው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከንጉሣዊው ወገን የሆኑ ወንድ ልጆች ናቸው። ብዙ ጎረምሳ፣ አንድ አስተማሪ። ጎረምሳን ቁጭ ብለህ ትንፋሽህን አዳምጥ ብትለው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጎኑ ያለውን መጎንተል ይጀምራል። ዝለል፣ ተገልበጥ፣ በእጅህ ቁም ስትለው ግን ዓይኑ ይበራል። በዚያ ላይ ማሀራጃው ዮጋ በሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ ይፈልጉ ስለነበር ልጆቹ የሚሠለጥኑት እንግዳ ፊት ቀርበው እንዲያሳዩም ጭምር ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ የተስፋፋው ትምህርት ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው በዝላይ የሚሻገር፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ትንፋሽ የሚሰጥ፣ በቅደም ተከተል የሚሄድና ሲያዩት የሚያምር ዓይነት ሆነ። ከጥንት መጻሕፍት የመጣ ነው ወይስ በዚያ ዘመን ሕንድ ውስጥ ከተስፋፋው የአውሮፓ ጂምናስቲክ የተቀላቀለበት የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ እኔ ተቀላቅሎበታል ወደሚሉት አደላለሁ። እንደ ማስተማሪያ ካየነው ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ብልሃት ነው። ብዙ ልጅ ተከታታዩን በቃሉ ከያዘ አስተማሪው ለሁሉም አንድ በአንድ መናገር አይጠበቅበትም፣ እየዞረ ማረም ብቻ ነው ሥራው።

ክሪሽናማቻርያ በዚህ ጊዜ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ናቸው፣ ጉልበታቸው አልደከመም፣ ቁጣቸውም እንደዚያው። ተማሪዎቻቸው በኋላ ሲያወሩ ሁሉም ቁጣቸውን ያነሳሉ። የበለጠ ያወራው ደግሞ የሚስታቸው ወንድም ነው፤ ቢ. ኬ. ኤስ. አይንጋር። በ1934 ማይሶር ሲመጣ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፣ ወባና ሳንባ ነቀርሳ ያደቀቀው፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት የደረቀ። መጀመሪያ ላይ ዞር ብለውም አላዩት። ዋናው ተማሪያቸው አንድ ቀን ጠፍቶ ሲቀርና የሚቀርብ ትርኢት ሲኖር ነው ወደ እሱ የዞሩት።

አይንጋር ራሱ ደጋግሞ ያወራው አንድ ታሪክ አለ። እንግዶች ፊት ሃኑማናሳና ሥራ ይሉታል፤ እግርን ፊትና ኋላ ዘርግቶ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ ማለት ነው። ልጁ ሠርቶት አያውቅም። ማምለጫ ሲፈልግ ቁምጣዬ ጠባብ ነው፣ አይዘረጋም አለ። መቀስ አስመጡ። ቁምጣውን ግራና ቀኝ አስቀደዱትና አሁን ሥራ አሉት። ሠራ። የጭኑ ጅማት ተበጠሰ፤ ሁለት ዓመት ያህል በወጉ መራመድ አልቻለም። ይህ ልጅ አድጎ ጣውላ፣ ገመድ፣ ወንበርና ብርድ ልብስ ይዞ፣ ሰውነቱ ያልተፈታ ሰው ሳይጎዳ እንዴት እዚያ ይደርሳል እያለ ሲጨነቅ መኖሩ እኔን አይገርመኝም። (በቁጣው ግን አስተማሪውን ወርሷል፤ ተማሪ በጥፊ ይመታ ነበር።)

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብናቆም ክሪሽናማቻርያ ማለት የወንድ ልጆች አሠልጣኝ ናቸው ብለን እንዘጋው ነበር። ግን በ1937 አንዲት ሴት መጣች። ሪጋ የተወለደች፣ በኋላ ኢንድራ ዴቪ በሚል ስም የታወቀች፣ የዲፕሎማት ሚስት። አስተምሩኝ ስትል አይሆንም አሉ፤ ሴት ናት፣ ፈረንጅም ናት። ማሀራጃው ጣልቃ ገብተው ነው ፈቀዱ የተባለው። ሲፈቅዱም ተስፋ ቆርጣ እንድትሄድ ያሰቡ ይመስላል፤ ጥብቅ የምግብ ሕግና ጥብቅ የሰዓት ሕግ ደነገጉላት። እሷ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንቺም አስተምሪ ብለው ላኳት። ሻንግሃይ አስተማረች፣ ቀጥላ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ ከፈተች፤ የፊልም ተዋናዮቹ እነ ግሬታ ጋርቦና ግሎሪያ ስዋንሰን ተማሪዎቿ ነበሩ። እሷ ያስተማረችው ዮጋ ለስላሳ ነው፣ ዝላይ የለበትም። ልብ በል፤ የተማረችው እነዚያ ጎረምሶች በሚዘሉበት ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ከዚያው ሰው ነው። ስለዚህ ሰውዬው ለሚቀርባቸው ሰው እንደሚሆን አድርገው የማስተማር ችሎታው ያኔም ነበራቸው ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን አላስፈለጋቸውም፣ ወይም አልመሰላቸውም።

በ1940 ማሀራጃው ሞቱ። ተተኪያቸው ለዮጋው ያን ያህል ፍቅር አልነበራቸውም። በ1947 ሕንድ ነፃ ወጣች፣ የመሳፍንቱ ሥልጣንና ገንዘብ ወደ አዲሱ መንግሥት ዞረ። በ1950 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ የስድስት ልጆች አባት፣ በድንገት ደመወዝ የለም። ስለ ክሪሽናማቻርያ የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ይህን ጊዜ በሁለት መስመር ያልፈዋል። ለእኔ ግን ለውጡ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ቤተ መንግሥት ቀጥሮህ ሳለ ተማሪው ይሰማሃል፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ቤተ መንግሥቱ ሲዘጋ ተማሪው ነገ ላይመጣ ይችላል።

በ1952 ስትሮክ የመታው አንድ የታወቀ ጠበቃ እንዲረዱት ወደ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ጠሯቸው። ሄዱ፣ እዚያው ቀሩ። አሁን ፊታቸው ያለው ማነው? ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ጠበቃ። ጀርባው የሚያመው ባለሥልጣን። አስም ያለባት እናት። እንቅልፍ እንቢ ያለው ነጋዴ። ለእነዚህ ሰዎች ዝለል ልትላቸው አትችልም። ቁጣም አይሠራም፤ የሽማግሌ ጠበቃ ቁምጣ በመቀስ አይቀደድም።

ትምህርቱ አንድ ለአንድ ሆነ። በቅርብ የተማሩት ሰዎች ሲገልጹት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የልብ ትርታ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትተኛ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ለአንተ ብቻ የሚሆን አጭር ልምምድ ይሰጡሃል። አንተ ስትለወጥ እሱም ይለወጣል። አንድ ምሳሌ ብቻ ልውሰድ፤ ቆሞ ወደ ፊት ማጎንበስ። በማይሶር ዘመን ጉልበት ይወጠራል፣ ግንባር ቅልጥም ይነካል፣ በቆጠራ ይቆያል። ማድራስ ላይ ጉልበትህን ትንሽ እጠፍ ትባላለህ። ትንፋሽህን ቀስ ብለህ እያወጣህ ትወርዳለህ፣ እያስገባህ ትነሳለህ፣ ይህን ጥቂት ጊዜ ትደጋግመዋለህ፣ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው የምትቆየው። ግንባርህ የት እንደደረሰ የሚጠይቅህ የለም። የሚጠየቀው ትንፋሽህ ተቆራርጧል ወይስ አልተቆራረጠም ነው። አቋቋሙ ስሙ ያው ነው፣ ግን የሚፈለግበት ነገር ሌላ ሆኗል።

ልጃቸው ዴሲካቻር ኢንጂነር ነበር፣ ለአባቱ ሙያ ግድም አልነበረው። በ1961 አንድ ቀን ከቤታቸው ፊት ለፊት አንዲት የኒውዚላንድ ሴት ከመኪና ወርዳ አባቱን እቅፍ አድርጋ ስታመሰግን አየ። እኚያ ጥብቅ ብራህሚን ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ፣ በፈረንጅ ሴት ሲታቀፉ! ለካ ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ያጣችውን እንቅልፍ አግኝታ ነው። ኢንጂነሩ ማሰብ ጀመረ። አስተምረኝ ሲል አባቱ ሰዓት ሰጡት ይባላል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል። (ለልጅ ሲሆን የድሮው ጠባይ አልጠፋም።) ከዚያ ጀምሮ አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ተማረ፣ በ1976 ደግሞ ማድራስ ውስጥ በአባቱ ስም ማዕከል አቋቋመ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጆይስ የጀመረው በ1927 ነው፣ ከዚያ ማይሶር ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ዘመን አየ፤ ዓለም ዛሬ አሽታንጋ ብሎ የሚያውቀው የሚዘለለው ቅደም ተከተል ከዚያ ወጣ። አይንጋር ማይሶር የቆየው ከ1934 እስከ 1937 ብቻ ነው፤ ትንሽ እንግሊዝኛ ስለሚችል ተብሎ በ18 ዓመቱ ፑኔ ወደምትባል ከተማ እንዲያስተምር ተላከ። የቀረውን በራሱ ሰውነት ላይ እየሞከረ ገነባው። ኢንድራ ዴቪ የለስላሳውን ጫፍ ያዘች። ዴሲካቻር የሰባና የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ወረሰ። አራቱም ዮጋ ማለት ይሄ ነው፣ ጉሩዬ ያስተማሩኝ ይሄን ነው ብለው ወጡ። ለቅኔ ቤት ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዋሸራ የተቀኘና ጎንጅ የተቀኘ ሁለቱም የየኔታቸውን ይዘው ይሟገታሉ። የክሪሽናማቻርያን ለየት የሚያደርገው የኔታው አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

በ1970ዎቹ ምዕራባውያን ወደ ማይሶር መጉረፍ ሲጀምሩ ሰውዬው በሕይወት ነበሩ። ማይሶር ላይ በእሳቸው ስም የ1930ዎቹ ልምምድ በትጋት ይሠራል፣ ማድራስ ላይ እሳቸው ራሳቸው ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ቀደም ብሎ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ፈላስፋው ጂዱ ክሪሽናሙርቲ ዕድሜው ሰባ አካባቢ ሲደርስ ለዓመታት አይንጋር ጋ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ዴሲካቻር ዞሯል። ሰባ ዓመት የሆነው ሰው የትኛውን ዘመን እንደመረጠ ልብ ማለት ነው።

ለውጥ አይደለም፣ መርሁ ድሮም አንድ ነበር የሚሉ አሉ። ማስረጃ አላቸው። ክሪሽናማቻርያ ልምምድን በዕድሜ ይከፍሉት ነበር፤ ለሚያድግ ልጅ ጉልበትና ዝላይ፣ ሥራና ቤተሰብ ላለው ጎልማሳ ጤና የሚጠብቅ አጠር ያለ ልምምድ፣ ለሽማግሌ ደግሞ ትንፋሽ፣ ጸሎትና ጽሞና። በዚህ ክፍፍል ካየነው ማይሶርም ማድራስም ቦታቸውን ያገኛሉ። ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። በሽታ ያደቀቀውን የ15 ዓመት ልጅ በመቀስ ያስዘረጋ ሰው ያን ቀን ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ የሚለውን እየሠራበት አልነበረም። መርሁ የተሞላው እየቆየ ነው። የሞሉት ደግሞ አንድም ሕመምተኞቹ፣ አንድም ሥራ ማጣቱ፣ አንድም እርጅናው ናቸው።

ዕድሜያቸው ሲገፋ የለወጡት ሌላም አለ። በእሳቸው ወግ የቬዳ (የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት) ዜማ ለሴት አይሰጥም ነበር፤ እሳቸው ለሴቶች አስተማሩ። በ1937 አንዲትን ሴት በር ላይ ለመመለስ የሞከሩት ሰው ናቸው እነዚህ። ሃይማኖትም አለ፣ እኛ ጋ ዮጋ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ቪሽኑ የሚባለው የሂንዱ አምላክ አጥባቂ አምላኪ ነበሩ። ተማሪን ግን የእኔን አምላክ ጥራ አይሉም። ዓይንህን ጨፍነህ እግዚአብሔርን አስብ፤ እሱ ካልሆነልህ ፀሐይን፤ እሷም ካልሆነች ወላጆችህን፤ ይሉ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ይናገራሉ። ይህ ለአንድ ጥብቅ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ጥያቄውን ይዘጋል አልልም፤ የፀሐይዋ ነገርማ ሌላ ጥያቄ ይከፍታል። ግን ለማን እየተናገሩ እንደሆነ የሚያስቡ ሰው መሆናቸውን ያሳያል።

የራሳቸውስ ልምምድ? በ1938 የተቀረጸ ድምፅ አልባ ፊልም አለ። ክሪሽናማቻርያ ሃምሳ ሊሞላቸው አካባቢ፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ በጭንቅላታቸው ቆመው እግራቸውን እንደ ልባቸው ሲያጣጥፉ ይታያል። ሚስታቸውና ልጆቻቸውም ይሠራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘለን 96 ዓመታቸው ላይ እንምጣ። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና አልፈልግም አሉ። አልጋ ላይ ተኝተው ሊሠሩት የሚችሉትን ልምምድ ለራሳቸው አወጡና ያንኑ ሠሩ። አስተማሪም ተማሪም ራሳቸው ናቸው፤ ያቺን ማድራስ ላይ ለጠበቃውና ለነጋዴው ያወጧትን መንገድ አሁን ለራሳቸው አዋሏት። ከዚያም በኋላ ማስተማር አላቆሙም። መቶ ዓመት ሞልቷቸው በ1989 ዓረፉ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የ200 ሰዓት ሠርተፍኬት ይዘን በወሩ ለማስተማር ለምንቸኩል ሰዎች ይህ ዕድሜ ትንሽ ያስደነግጣል።

ዴሲካቻር የአባቱን የኋለኛ ዘመን ትምህርት ቪኒዮጋ በሚል ስም ማስተዋወቅ ጀምሮ ነበር፣ ለሰው እንደ ሁኔታው ማስማማት ለማለት። ስሙ ያዘ። ከዚያ አሽታንጋ፣ አይንጋር፣ ቪኒዮጋ እየተባለ እንደ ሦስተኛ ዘይቤ ይቆጠር ጀመር፤ የቪኒዮጋ ጉልበት አስተጣጠፍ፣ የቪኒዮጋ ክላስ፣ የቪኒዮጋ መምህር። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የለም የሚለው ትምህርት ራሱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲሸጥ ሲያይ ዴሲካቻር ስሙን ተወው፣ ሌሎችም እንዲተዉት ጠየቀ። አሜሪካ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ቪኒዮጋ በሚል ስም ትምህርት ይሰጣል።